የጋሼ ፓውዛ

አዳማ፣ ግቢያችን በር አጠገብ ግድግዳ ላይ ያረፈችው የእሳት እራት ሬንጀር የለበሰች ወታደር ትመስል ነበር፤ አረንጓዴ በአረንጓዴ ላይ፣ መሀል መሀሉን ነጭና ሮዝ መስመር። ጎረቤቴ ጋሼ ገና እንዳዩዋት ፈረዱ፦ «ይቺማ የኛ አገር አይደለችም፤ ካመጣችሁት አበባ ጋር የገባች ናት።»

አበባው ኦሊያንደር ነው፤ ያስተከለችውም ባለቤቴ ናት። የእሳት እራቷ ዳፍኒስ ኔሪ ትባላለች፤ ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 መዝግቧታል። ክንፏ ሲዘረጋ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። አባጨጓሬዋ ልብ የሚያቆም መርዝ ያለበትን የኦሊያንደር ቅጠል ትበላለች፤ አጋምም አትንቅም። አጋም በሞላበት አገር ይቺን መጤ ማለት ግፍ ነው። እንዲያውም በፈረንጆቹ በጋ ከአፍሪካ ተነስታ ሜዲትራኒያንን እየተሻገረች አውሮፓ የምትገባው እሷ ናት።

እዚህ ላይ መተው ይቻል ነበር። ጋሼ ግን ፓውዛ አላቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ፣ ከሳቸው በር ይልቅ የኔን መኝታ ቤት የሚያሳይ። ያመጣት እሱ ነው ብዬ ልከስ ተነሳሁ። የእሳት እራት መብራት የምትዞረው ጨረቃ እየመሰላት ነው የሚለውን ከተማሪነቴ ይዤው ነበርና መጀመሪያ እሱን ላጣራ አልኩ።

የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅና የፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ሌላ መልስ አሳትመዋል። ነፍሳትን በፈጣን ካሜራ ቀርጸው ሲያዩ፣ ብዙዎቹ ጀርባቸውን ወደ ብርሃኑ ያዞራሉ። ለዘመናት ሌሊት ብሩህ የነበረው ሰማይ ነውና፣ ጀርባን ወደ ብርሃን ማድረግ ቀጥ ብሎ ለመብረር ይበጃቸው ነበር። አምፖል አጠገብ ግን ያው ልማድ እያጋደለ ያዞራቸዋል፤ ብርሃኑ ከታች ሲሆንባቸው ተገልብጠው ይወድቃሉ። የጨረቃው ነገር ለኔ እዚህ ላይ አበቃ።

ክሴ ሊጸና ሲል አንድ መስመር አገኘሁ፤ ከሞከሯቸው መካከል ይህን ጠባይ ያላሳዩ ሁለት ነበሩ። አንዷ የፍራፍሬ ዝንብ። ሌላዋ ዳፍኒስ ኔሪ! ከስንት ዓይነት የእሳት እራት መካከል የጋሼን ጠበቃ ግድግዳዬ ላይ ማሳረፍ ነበረብኝ?

ቢሆንም ጋሼ፣ ለሷ ባይሆን ለኔ ሲሉ ፓውዛውን ወደ በርዎ ያዙሩልኝ።