ያገለገለ አውቶሞቢል ለሚገዙ ሰዎች የሚሆን ምክር

በአርባ ምንጭ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ስንኖር፥ በመኪና ሽያጭ የተካሰሱትን ሰዎች ነገር ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ለራሳችን በገዛን ጊዜ ግን የጻፍነው ሁሉ አልጠቀመንም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ፥ «ዛሬ ካልገዛን ነገ ዋጋው አይቀመስም» ብለን ተቻኮልን። የቤታችን እመቤት ለልጆቻችን ትምህርት በዕቁብ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ጨምረን፥ አንዲት ያገለገለች ቶዮታ ራቭ ፎር ገዛን።

ከሻጩ ቤት ስንደርስ ሞተሩ ሞቆ ቆየን፤ ይህም የሻጩ ትጋት መሰለን። ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚያወጣውን ዳገት በጀመርን ጊዜ ግን የሙቀቱ መርፌ ወደ ላይ ወጣ፤ በስተኋላም ነጭ ጭስ ተከተለን። መካኒኩም የሞተሩ ራስ ማሸጊያ ተቃጥሎ ውሃው ወደ ውስጥ እንደሚገባ ነገረን። የልጆቻችን ገንዘብ በጥገና አለቀ።

ስለዚህ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ የሞቀ ሞተር ሕመሙን ይሰውራልና ማለዳ ሄዳችሁ ቀዝቃዛውን ራሳችሁ አስነሡ። መካኒክ ይዛችሁ ዳገት ሳትወጡ አትዋዋሉ፤ ለእኛ አገር ሰው 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ወደ ጨንቻ የሚያወጣው መንገድ መልካም መፈተኛ ነው። የኪሎ ሜትሩ ቍጥር ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል የመሪውንና የፔዳሉን መበላት ተመልከቱ። በሊብሬው የተጻፈው የሻንሲና የሞተር ቍጥር ከመኪናው ጋር መስማማቱን፥ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩንም ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አረጋግጡ።

የቤታችን እመቤት አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩንም፤ ዝምታቸው ግን ከፍርድ ይልቅ ከበደን። ገንዘቡ የቤተ ሰብ ነውና ገዢው ብቻውን አይቸኵል።