የእናቴ ቀን ስብከት

«ፓስተር፣ ይሄንን ለሙዚየም ይስጡት» አለኝ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ላፕቶፕ የሚጠግነው ልጅ፣ እየሳቀ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ቲንክፓድ ቲ42 ነው። ሚሞሪውን 2 ጊጋባይት አደረሰልኝ፤ ከዚያ በላይ አይቀበልም። ቋ ቋ የሚለውን ሃርድ ዲስክ ሳይሞት ገልብጦ በኤስኤስዲ ተካው። ለአሮጌው መግጠሚያ የሚሆን አዳፕተር ፍለጋ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀ!

ወገኖቼ፣ የደከምኩት ለማሽኑ ብዬ አይደለም። የድሮ ስብከቶቼ በፓወር ግዕዝ የተጻፉ ናቸው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም፣ እኛ ለዓመታት በለመድነው ቀጠልን። ፎንቱ በሌለበት የልጄ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናሉ።

ከመካከላቸው ለእናቴ ቀብር የጻፍኩት አለ። ያን ቀን እንባ አሸንፎኝ ግማሹ ላይ አቋርጬው ነበር። ትናንት ማታ ከፈትኩት። ያላነበብኩት ግማሽ ስለ ትንሣኤ ነበር። ባለቤቴን ጠርቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።