ለወንድምዓለም፦ የዘገየው መልስ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድምዓለም፣

  ይህን ደብዳቤ በእጄ ጽፌ በመንገደኛ የላክሁልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። ስደውልልህ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" እያልክ ትዘጋዋለህ። ወረቀት አይዘጋብኝም።

ማክሰኞ ማታ ከሥራ መሰናበትህን በቴሌግራም ቡድናችን ውስጥ ጻፍክ። ረቡዕ መልስ የለም፤ ሐሙስም የለም። ሐሙስ ሌሊት "እዚህ ቤት ሰው የለም እንዴ?" ብለህ ወጣህ። ዓርብ ጠዋት ጋሽዬ ልብስ ሰፊው መለሱልህ። አንተ ግን የለህም።

እኔስ? አንብቤው ነበር። ልደውልልህ ስል እናንተ ዘንድ ሌሊት ሆነ፤ በማግስቱ ሁለት ፈረቃ ደርቤ ገባሁ። ይቅር በለኝ። በአንድ ነገር ግን ልሟገትህ እፈልጋለሁ። "ይህ ቡድን ሞቷል፣ ሰዉ ያለው እዚያ ሁሉም በሚጽፍበት ትልቁ የኢንተርኔት አደባባይ ላይ ነው" ብለሃል። እኔ እንደዚያ አላየሁትም።

ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሶ ሰዉ በየአቅጣጫው ሲበተን 14 ሰዎች ተፈላልገን ቴሌግራም ላይ ተሰበሰብን። ባለፈው ጥቅምት የጅዳዋ ልጅ "ቦኖው የነበረው በየት በኩል ነው?" ብላ የጠየቀችውን ታስታውሳለህ? አንተ "ከጠጅ ቤቱ በላይ" አልክ፤ ጋሽዬ "የለም፣ ከታች ነው" አሉ። ክርክሩ 9 ቀን ፈጀ። ጋሽዬ የሚጽፉት በአንድ ጣት ነው፤ አንድ መስመር እስኪልኩ ቡናቸው ይቀዘቅዛል። ልጅቷ ስልኳን እንደ ልቧ የምትይዘው ዓርብ ብቻ ነው። እኔ በበጋ 7፣ በብርዱ ወራት 8 ሰዓት ከእናንተ ወደኋላ ነኝ። በመጨረሻ ልጅቷ በደብተር ወረቀት ላይ ሰፈሩን ስላ ላከች፤ ጀሪካን ተሰልፎ የሚያድርበትን ግድግዳ እንኳ አልረሳችም። ያን ጊዜ አንተ "ተሳስቻለሁ፣ ጋሽዬ ልክ ናቸው" ብለህ ጻፍክ። ማንም አልሳቀብህም። እማማ ብቻ ከአራብሳ "አንተማ ያን ጊዜም ውሃ ስትላክ መንገድ ይጠፋህ ነበር" አሉና ሁላችንም ሳቅን።

በዚያው ሰሞን በትልቁ አደባባይ ላይ የሆንከውን ደግሞ አስብ። አንድ መስመር ጽፈህ ሥራ ገባህ፤ ስትወጣ የማታውቃቸው ሰዎች ስድባቸውን አዝንበውብህ ጠበቁህ። እንደተሳሳትክ ማታውኑ ገብቶህ ነበር፤ በስልክ ነግረኸኛል። ግን ለማን "ተሳስቻለሁ" ትላለህ? የሚያውቅህ አንድ ሰው እንኳ በሌለበት ስህተትን ማመን እጅ መስጠት ነው። ስለዚህ አንተ ራስህ በማታምንበት ነገር ሦስት ቀን ተሟገትክ። እኔ የእኛን ቡድን የምወደው ለዚህ ነው፦ ሰው ሐሳቡን ሳያፍር የሚለውጥበት ቦታ ስለሆነ።

ዝግታችንም ይጠቅማል፤ ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። ትዊተር ላይ የሌላውን ጽሑፍ አንዴ በመንካት ብቻ የሚያስተላልፈውን ቁልፍ እ.ኤ.አ. በ2009 የሠራውን ቡድን የመራው ክሪስ ዌዘሬል፣ ከ10 ዓመት በኋላ ተጸጽቶ ተናግሯል። ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ለአራት ዓመት ሕፃን እንደ መስጠት ነው የቆጠረው። ከዚያ በፊት ሰው የሌላውን ቃል ለማስተላለፍ ገልብጦ መለጠፍ ነበረበት፤ በዚያች ትንሽ ድካም መሀል "ልላከው ወይስ ልተወው?" የምትል ሐሳብ ትገባለች። ቁልፉ ያጠፋው እሷን ነው። ዋትስአፕም ቢሆን፣ ሕንድ ውስጥ በሐሰት ወሬ የተነሣ ሰዎች በመንጋ ተደብድበው ከሞቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 አንድን መልእክት በአንድ ጊዜ ከ5 ቦታ በላይ ማስተላለፍን እዚያው ሕንድ ውስጥ ከለከለ፤ በማግስቱ ዓመት ክልከላው ለዓለም ሁሉ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ብዙ ጊዜ የተቀባበሉትን መልእክት ወደ አንድ ቦታ ብቻ እንዲላክ ሲያደርግ፣ የዚህ ዓይነቱ መልእክት ዝውውር በ70 በመቶ መቀነሱን አስታወቀ። ማንም አትናገር አልተባለም። ትንሽ ቆም በል ነው የተባለው።

እኔም በራሴ ደርሶብኛል። አሜሪካ በገባሁ ሰሞን፣ በ1997ቱ ምርጫ ጊዜ፣ ሌሊት ሌሊት ፓልቶክ በሚባለው የኢንተርኔት የድምፅ መወያያ ላይ አመሽ ነበር። እዚያ የፈለገ ሁሉ እየተነሣ አይናገርም፤ እጅ አውጥቶ ማይክ እስኪደርሰው ወረፋ ይጠብቃል። አንድ ሌሊት በአንድ ተናጋሪ ተናድጄ እጄን አወጣሁ። ተራዬ የደረሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቄ ነው፤ እስከዚያ ሌሎቹን ሳዳምጥ ልናገር ከያዝኩት ግማሹ ረግፏል። የቀረውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ወረድኩ። እዚያም ስድብ አልጠፋም፤ እኔን ግን ወረፋው ከስድብ አድኖኛል።

ዛሬ ሚካኤል ነው፤ እማዬ ትዝ አለችኝ። ማኅበርተኞቿ 12 ነበሩ፤ ወሩ በገባ በ12 በአንዳቸው ቤት ይጠጣል። ጳጉሜ 12 ቀን ስለማትሞላ ትዘለላለች፤ እንግዲህ ለእያንዳንዱ በዓመት አንዴ ተራው ይደርሰዋል። አንዲት ጎረቤት 13ኛ ሆና ልግባ ስትል "ሞልቷል" ብለው ሲመልሷት አይቼ "ጨካኞች" ብዬ ነበር። አሁን ነው የገባኝ። 12 ሰው በተቀመጠበት የቀረው ሰው ቦታ ያፈጣል፤ ጠበሉ ከመቅመሱ በፊት "እገሊትስ?" ይባላል፤ ታማ እንደሆነ ማታውኑ ድርሻዋ ይደርሳታል። የቴሌግራም ቡድን እስከ 200 ሺህ ሰው ይይዛል። ከ200 ሺህ መሀል አንድ ሰው ቢወጣ ማን "እገሌስ?" ይላል? እንዲህ ባሉ ቡድኖች ውስጥ አስተዳዳሪው ከፈለገ፣ አንድ ሰው አንዴ ከጻፈ በኋላ እስከ 1 ሰዓት ድረስ ደግሞ እንዳይጽፍ ማድረግ ይችላል። እኛ ይህ አላስፈለገንም፤ የጋሽዬ ጣት ይበቃናል።

ግን እውነቱን ልንገርህ፤ ዝግታ ሁልጊዜ ደግ አይደለም። የተጨነቀ ሰው ሁለት ቀን ዝም ሲባል መጣል ይመስለዋል፤ አንተንም የመሰለህ እሱ ነው። ስለዚህ አንተ ከወጣህ በኋላ ተነጋግረን አንድ ነገር ተስማማን። ከእንግዲህ ማንም ችግሩን ሲጽፍ ያየ ሰው ቢያንስ "አይቻለሁ፣ እመለሳለሁ" ይላል። መልሱ በኋላ ይመጣል።

የጋሽዬም መልስ ዘግይቶ ነው የመጣው። ያገኙልህን የሥራ ቦታዎች በስልክ ነግሬህ "እሺ" ብለህ ዘግተኸዋል። እሳቸው እንዴት እንደጻፉት ግን አልሰማህም፤ ገልብጬልሃለሁ፦

"ልጄ፣ አይዞህ ለማለት ቢሆንማ ማክሰኞ ማታውኑ ባልሁህ። ባዶ አይዞህ ኪስ አይገባም ብዬ ተውሁት። የድሮ ደንበኞቼን አንድ ባንድ እየደወልሁ ሰው ትፈልጋላችሁ ወይ ስል ሁለት ቀን ሄደ። ሁለት ቦታ ሰው ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ጋ አብሬህ እሄዳለሁ፤ ሱሪህን አምጣና አሳጥርልሃለሁ፣ ባለፈው ረዝሞብህ አይቻለሁ።"

ትልቁ አደባባይ ላይ ጽፈኸው ቢሆን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብዙ የእንባ ምልክት ይላክልህ ነበር። የሱሪህን ርዝመት የሚያውቅ ግን እዚያ የለም።

ወንድምዓለም፣ ተመለስ። የቡድኑን መግቢያ ዛሬ ልኬልሃለሁ። ምንም ማብራራት የለብህም፤ ማንም አይጠይቅህም። ጋሽዬ በየማለዳው ስልካቸውን ከፍተው ስንት እንደሆንን ይቆጥራሉ።

አሁን 13 ነን።

የምትወድህ እህትህ