ዘነበወርቅ ላይ ወራጅ አለ

ያሳከከኝ በኅዳር ነው። የሰፈሬን የአየር ጤናን ኅዳር የኖረበት ያውቀዋል፤ ጠዋት ብርዱ ይቆነጥጣል፣ ቀን ፀሐዩ ያደርቃል፣ ቆዳ እንደ አሮጌ ቁርበት ይሻክራል። በሁለቱም ክንዶቼ መታጠፊያ ላይ የሃምሳ ሳንቲም ያህል ሻካራ ነገር ወጣብኝ። እናቴ አየችና «ልጄ፣ ቆዳሽ ቅባት ነው ያጣው» አለችኝ። እሷ ደግሞ ምን ታውቃለች ብዬ አለፍኩት።

እኔ ቆሻሻ ነው ብያለሁ። በንጽሕናዬ የምኮራ ሴት ነኝና ውሃ አፍልቼ፣ በልብስ ሳሙና፣ በሻካራ ጨርቅ ፈገፈግኩት። እውነቱን ልናገርና፣ የሚፋጅ ውሃ በሚያሳክክ ቆዳ ላይ ሲፈስ ያለው ደስታ ልዩ ነው። ጥርስ ያስነክሳል። ሌሊት ላይ ግን ሂሳቡን በእጥፍ ያስከፍላል። ጠዋት አንሶላዬ ላይ የደም ነጠብጣብ ሳይ፣ «ገና አልጸዳም» ብዬ እንደገና ውሃ አፈላሁ። ይህን ለሁለት ወር ያህል አደረግኩ። ሁለት ወር!

ከዚያ የቡና ሸንጎው ተጀመረ። አንዷ ፌጦ በሎሚ አለች፣ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ እሰሪበት አለች። ሁለቱንም አደረግኩ። ነጭ ሽንኩርቱ ሌሊቱን እንደ ፍም ሲያቃጥለኝ «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» እያልኩ ቻልኩት፤ ጠዋት ስፈታው ውሃ ቋጥሯል። ከዚያ ወዲህ እጅጌዬ ረዘመ። ለጠየቀኝ ሁሉ «እሳት ነክቶኝ ነው» እላለሁ። ወጥ ቤት ገብቼ የማላውቅ ይመስል ሰው ሁሉ አመነኝ።

በመጨረሻ አንድ መድኃኒት ቤት ሄጄ፣ ጎረቤቴ ፊቷን የምትቀባውን ክሬም ያለ ማዘዣ ገዛሁ። ክሎቤታሶል ነበር፣ በዚያ ዓይነት ቅባቶች ዘንድ እጅግ ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ። በሦስት ቀን ጠፋልኝ። ደስ ብሎኝ ፊቴንም ቀባሁ፤ ትንሽ ብቀላስ ማን ይጠላል? ስተወው ተመለሰ፣ ስመልሰው ጠፋ። ሦስተኛው ቱቦ ላይ የክንዴ ቆዳ ሳስቶ ደም ሥሬ ይታየኝ ጀመር፣ ፊቴም ፀሐይ ባየ ቁጥር እንደ በርበሬ ይቀላል።

አስቂኙ ነገር፣ የአገሪቱ ስመ ጥር የቆዳ ሕክምና ያለው እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ነው። ከቤቴ በአንድ ታክሲ ይደረሳል። አለርት ሆስፒታል የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ሕመምተኞችን ለማከምና ለመላው አፍሪካ ባለሙያ ለማሠልጠን ነበር፤ ዛሬ የቆዳ ችግር ያለበት ሁሉ ከየክፍለ ሀገሩ ይመጣበታል። እኔ ግን ሆስፒታሉ ያለበትን ሰፈር ስም፣ «ዘነበወርቅ»ን፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እየጠራሁ ነው ያደግኩት። እዚያ በር ላይ የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝስ?

ብሶብኝ ቆርጬ የሄድኩ ቀን እንኳ በሩ ላይ «ወራጅ» ማለት አቅቶኝ አንድ ፌርማታ አልፌ ወረድኩ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ በእግሬ ተመለስኩ፤ ይህን ያህል የተሸፋፈነች ሴት ደግሞ ማን አያይም?

አግዳሚው ላይ አንድ አባት አጠገቤ ተቀመጡ። የእጃቸው ጣቶች አጥረዋል። ሳላስበው ትንሽ ሸሸት አልኩ። እሳቸው የጠበበኝ መስሏቸው ወደ ዳር ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ክንዴን ሳክ አይተው «አይዞሽ ልጄ፣ ያንቺማ ቀላል ነው» አሉኝ። የእሳቸው ሥጋ ደዌ በመድኃኒት ከዳነ ዘመን አልፎታል፤ የመጡት ለእግራቸው ቁስል ነው። የት እንደምገባ ጠፋኝ። የእኔም በሽታ፣ የእሳቸውም የዳነ እጅ፣ ማንንም አይዝም ነበር እኮ።

ሐኪሟ «ምን ምን ቀቡበት?» ብላ ጠየቀችኝ። መቁጠር ጀመርኩ። ነጭ ሽንኩርቱ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ችፌ ነው፣ ፈረንጆቹ ኤግዚማ የሚሉት፤ ቆዳው ቅባቱንና እርጥበቱን መያዝ አቅቶት ነው እንጂ ቆሻሻ አይደለም አለችኝ። በሚፋጅ ውሃ ሳይሆን ለብ ባለ፣ ያውም ቶሎ ጨርሶ መታጠብ፤ ሳሙናው ሽታ የሌለው ሆኖ ለሚያስፈልገው የሰውነት ክፍል ብቻ፤ ከዚያ ሳይፈገፍጉ በፎጣ ጠቅ ጠቅ አድርጎ፣ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ፣ ቢበዛ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሽታ የሌለው ቫዝሊን በደንብ መቀባት። ሲባባስ ብቻ፣ ለጥቂት ቀን የሚሆን ለስላሳ ክሬም ጻፈችልኝ። ጠንካራውን እንዴት እንደምተወውም ነገረችኝ።

ቫዝሊን! እናቴ በነፃ የነገረችኝ እኮ ነው። ቤት ገብቼ ስነግራት አልሳቀችም፤ «ታዲያ አሁን ቀቢው» ብቻ አለችኝ።

ተፈውሻለሁ አልልም። ኅዳር ሲመጣ ክንዴ ያሳክከኛል፣ አንዳንድ ሌሊትም ሳላውቀው ስፎክት እነቃለሁ። ቫዝሊኑ መታጠቢያው ጋ ተቀምጧል፣ ሙቅ ውሃው አሁንም ያምረኛል። በየስድስት ወሩ ቀጠሮ አለኝ። ታክሲው በሩ ጋ ሲደርስ፣ ረዳቱ እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ወራጅ አለ» እላለሁ።