ቢላዋው ከቤት ቤት ሲዞር

ከወልቂጤና ከቡታጅራ የሚመጡ ተማሪዎች «የወጣት ሳይንቲስት ኑሮ ምን ይመስላል?» ሲሉኝ ከነጩ ጋዋን አልጀምርም፤ ከጓሯችን ነው የምጀምረው።

ያደግሁት ቸሃ፣ እምድብር አቅራቢያ ነው። አንድ ክረምት እንሰታችን ከመሃል ቅጠሉ ጀምሮ ቢጫ እያለ ይጠወልግ ጀመር። እናቴ ውርጭ ነው አለች፤ ጎረቤት የሰው ዓይን ነው አለ። የቅጠሉን ዘንግ ስንቆርጠው ከቁርጡ ላይ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ወጣ። ለመስቀል የታሰቡት እንኳ ሳይቀሩ በሰበሱ። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋልና የጠፋብን የዚያ ዓመት ምግብ ብቻ አልነበረም። ለበዓሉ ቆጮ ከገበያ ተገዛ። እናቴ ጥቅልሉን በነጠላዋ ሸፍና ነው ያስገባችው፤ ጉራጌ ሴት ቆጮ ገዝታ ስትገባ መታየት ምን እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቃል።

የበሽታውን ስም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሰማሁ። የእንሰት አጠውልግ ይባላል፤ አምጪው ዛንቶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ዳኛቸው ይርጉ ብራድበሪ ከሚባል ተመራማሪ ጋር ሆኖ በ1968 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዩጋንዳ ውስጥ የሙዝ እርሻ ላይ ተገኘ። ባክቴሪያው በቁስል ይገባል፤ ዋና አመላላሹም የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ ነው። እኛ ሰፈር ደግሞ ቢላዋ መዋዋስ የጉርብትና ወግ ነበር። እኔ ሳልወለድ የታወቀ ነገር እምድብር ድረስ ሳይመጣ መቅረቱ ዛሬም ያናድደኛል።

አሁን ያንን ባክቴሪያ ራሴ አሳድገዋለሁ። ናሙናውን ፔትሪ ዲሽ ላይ ዘርቼ በ28 ዲግሪ ሙቀት ሁለት ሦስት ቀን እጠብቃለሁ። ክብ፣ የሚያብለጨልጭ ቢጫ ነጠብጣብ ሲወጣ ደስታዬ ወሰን የለውም። መብራት የጠፋ እንደሆነ ግን የሳምንቱ ልፋት ገደል ይገባል። መርካቶ የሚነግደው አጎቴ ደሞዜን ሰምቶ «ለሞተ እንሰት ነው ይሄን ሁሉ የተማርሽው?» ብሎኛል። ይህንንም ለተማሪዎቹ አልደብቃቸውም።

ለቡታጅራዎቹ የምጨምረው አለኝ። ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቡታጅራና አካባቢዋ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት ሲያስመዘግቡ ኖረዋል። ደብተር ይዞ በር የሚያንኳኳው ጠያቂም ሳይንስ እየሠራ ነበር፤ ጋዋን ስላልለበሰ ማንም ሳይንቲስት አላለውም እንጂ።

አንዷ ተማሪ «ታዲያ የእንሰቱን በሽታ መድኃኒት አገኘሽው?» አለችኝ። የለውም። የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ቢላዋውን በእሳት ወይም በበረኪና ማጽዳት ነው ያለው። እናቴ እንደገና ተክላለች። ቢላዋዋን ለተዋሳት ሁሉ እሳት ላይ አሳልፋ ትሰጣለች፣ ሲመለስም እንደዚያው ታደርጋለች፤ አንዳንዱ ጎረቤት የተጠየፈችው እየመሰለው ይቀየማታል።