የ71 ዓመቷ እናትና የጨው ምትኩ

የአሜሪካ የጤና ሥርዓት ፋርማሲስቶች ማኅበር በየዓመቱ የሚያዘጋጀው የክሊኒካል ክህሎት ውድድር አለ። ዘንድሮ በትምህርት ቤታችን ዙር ተወዳድሬ ነበር። «እንዴት ነበር?» ያላችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

የምንወዳደረው ሁለት ሁለት ሆነን ነው። የአንድ በሽተኛ ሙሉ ታሪክ ይሰጠናል። በሁለት ሰዓት ውስጥ የመድኃኒት ችግሮቹን ለይተን፣ በአጣዳፊነታቸው ደርድረን፣ ሕክምናውን ከነመጠኑና ከነክትትሉ እንጽፋለን።

የእኛ በሽተኛ የ71 ዓመት እናት ናቸው። ልባቸው ደክሟል፣ ኩላሊታቸውም ደህና አይደለም። ሊሲኖፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ይወስዳሉ፤ ለልብ ምት መዛባት ደግሞ ዋርፋሪን። ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ባክትሪም ታዘዘላቸው። ከቀናት በኋላ ጉልበታቸው ከድቷቸው ድንገተኛ ክፍል መጡ። ፖታሲየም 6.4፣ የደም መርጋትን የሚለካው አይ ኤን አር 5.1፤ ኢሲጂው ላይ የቲ ሞገድ ሾሏል።

በሁለቱም ጣጣ የባክትሪም እጅ አለበት። በውስጡ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች ትራይሜቶፕሪሙ ኩላሊት ፖታሲየም እንዳያስወጣ ያግደዋል፤ ሰልፋሜቶክሳዞሉ ጉበት ዋርፋሪንን ቶሎ እንዳይሰብረው ስለሚያደርግ ደም ከልክ በላይ ይቀጥናል። የቱ ይቅደም? እስካልደሙ ድረስ ዋርፋሪኑን ለጊዜው አቁሞ መከታተል ይቻላል። በዚያ ፖታሲየም ግን ልብ መቼ እንደሚቆም አይታወቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ሥር። ካልሲየም ፖታሲየሙን አይቀንስም፤ ልብን ነው የሚጠብቀው። ከዚያ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር። እሱም ፖታሲየሙን ወደ ሴል ያስገባዋል እንጂ ከሰውነት አያስወጣውም። ይህን ለፈተና በቃል ማጥናት አንድ ነገር ነው። ሰዓቱ እየሄደ፣ ተጣማሪዬ «ለምን እሱ ይቀድማል?» እያለችኝ መጻፍ ግን ሌላ ነው፤ ያወቅኩት ያኔ ነው ማለት እችላለሁ።

እኔ ላብራቶሪውን ስይዝ እሷ ታሪኩን ያዘች። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ አመጋገብ በሚለው ሥር፣ በእርሳስ አንድ መስመር አከበበች፦ ጨው ቀንሱ ስለተባሉ የጨው ምትክ ይጠቀማሉ። የጨው ምትክ አብዛኛውን ጊዜ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ባክትሪሙን ብናቆም፣ ስፓይሮኖላክቶኑንም ለጊዜው ብናስቀር እንኳ ያ ዕቃ ኩሽና ውስጥ ይጠብቃቸዋል። ተመልሰው መምጣታቸው አይቀርም ነበር።

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ደም ግፊት ስላለባቸው ጨው ተከልክለው፣ ልጆቻቸው በቅን ልብ ያንኑ ከግሮሰሪ የሚገዙላቸው እናቶች ትዝ አሉኝ። የመድኃኒት ዝርዝር ላይ አይወጣም፤ እነሱም መድኃኒት ነው ብለው ስለማያስቡ አይነግሩንም። «ምን ምን ይወስዳሉ?» ስንል የክኒን ስም ነው የምንጠብቀው። «ወጡ ውስጥ ምን ይጨምራሉ፣ እማማ?» ብሎ በአማርኛ መጠየቅ የሚችለው ግን ከእኛ ሌላ ማን ነው?

ወደ አገር አቀፉ ያለፈው ሌላ ቡድን ነው፤ የሚገባቸው ናቸው።

ፋርማሲ የምትማሩ፣ አንደኛ ዓመትም ብትሆኑ ተመዝገቡ። አብሮ መለማመድ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ሌሎቻችሁ፣ ቤታችሁ የግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ የጨው ምትኩን ጀርባ አንብቡ። ፖታሲየም ክሎራይድ የሚል ካለበት፣ ከመጨመራቸው በፊት ፋርማሲስታቸውን ወይም ሐኪማቸውን ጠይቁላቸው።