ከባሕር በታች የት እንክተም?

አማርኛ የከተማን ስም ያገኘው ከጉዞ ነው። ከተመ ማለት ድንኳን ተክሎ ዐረፈ ማለት ነበር፤ ሰፈርም ጦር ከሰፈረበት የመጣ ቃል ነው። የነገሥታቱ ከተማ በዙሪያው ያለው እንጨትና እህል ሲያልቅ እየተነቀለ ይሄድ ስለነበር፣ ዛሬ ቋሚ የምንለው ነገር በቋንቋችን ውስጥ የመንገደኛ ማረፊያ ሆኖ ነው የተወለደው። ሰብናውቲካ የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ የሚጀምር ሰው ሁሉ ይህ አሮጌ ጥያቄ እንደ አዲስ ይገጥመዋል። አንኖውን ወርልድስ የተባለው ድርጅት ሙሉ ሥሪቱን እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ይህ ጨዋታ፣ ኦሮራ የምትባል የጠፈር መርከብ ስትወድቅ ተርፎ ውሃ በሸፈናት ፕላኔት ላይ የቀረ የአንድ ሰው ታሪክ ነው። ሰውየው በእጁ በሚይዘው የግንባታ መሣሪያ ከባሕሩ ወለል ላይ ክፍል በክፍል ቤት ያቆማል። የት? ይህን ሲጠየቅ አንዱ ደኅናው ቦታ ላይ ይላል፣ ሌላው የሚያምረው ቦታ ላይ። ሁለቱም ቦታውን ነው የሚያዩት። እኔ ግን መታየት ያለበት መንገዱ ነው ባይ ነኝ፤ ቤት የሚመረጠው ሰው ደክሞና ተሸክሞ በሚመለስበት ሰዓት በሚያገኘው ነገር ነው።

ከትንፋሽ እንጀምር። ተጫዋቹ መጀመሪያ ላይ ያለው አየር ለ45 ሴኮንድ ብቻ ይበቃዋል። የመጀመሪያዋ ሲሊንደር 30 ሴኮንድ ትጨምርለታለች። ከ100 ሜትር በታች ሲወርድ ደግሞ አየር ቆጣቢውን ጭንብል ካላጠለቀ በቀር ያው አየር ቶሎ ያልቅበታል። በዚህ ባሕር ርቀት የሚለካው በትንፋሽ ነው። አንድ ሰው መዳብ ፍለጋ ከባሕር ሐረጉ ደን ገባ እንበል። ሐረጉ ከወለሉ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወዛወዛል፤ በመሐሉ የተንጠለጠለው ቢጫ የፍሬ ዘለላ እንደ ፋኖስ ያበራል። ሰውየው ቋጥኝ ሥር የተጣበቀውን ድንጋይ ሰብሮ መዳቡን ሲያነሣ የቀረው አየር 20 ሴኮንድ ነው። ከሐረጉ ባሻገር የቤቱ መብራት ይታየዋል። በሩን ከፍቶ ሲገባ ትንፋሹ ይመለሳል፤ መዳቡን ሣጥኑ ውስጥ ያስቀምጥና እንደገና ይወጣል። ይህች ምልልስ ጨዋታው እስኪያልቅ ከመቶ ጊዜ በላይ ትደጋገማለች። የቤቱ ቦታ የሚፈተነው በእሷ ነው፤ ከመስኮት ቆሞ ማየት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ደኅንነትን የሚያስቀድሙ ሰዎች ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ጨዋታው ጠመንጃ የለውም። ዋና አዘጋጁ ቻርሊ ክሊቭላንድ ምክንያቱን ሲያስረዳ እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ በሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት የደረሰውን ግድያ አንሥቷል፤ ችግር ሁሉ በጥይት የማይፈታበት ጨዋታ መሥራት ፈልጎ ነው። ስለዚህ ስማቸውን ከመጽሐፈ ኢዮብ የወረሱት ሌዋታኖች ሲመጡ ያለው አማራጭ መሸሽ ወይም መጀመሪያውኑ ከመንገዳቸው ርቆ መስፈር ነው። ሕይወት አድን ጀልባው ያረፈበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ለዚህ የተመቸ ነው። ሪፐር የተባለው ሌዋታን እዚያ አይኖርም፤ ፀሐይ እንደ ልብ ነው፤ የሚበላ ዓሣ በደጅ ያልፋል። ነገር ግን ብሩም፣ ወርቁም፣ እርሳሱም በብዛት የሚገኙት ከዚያ ወዲያ፣ ቀይ ሣር በሸፈነው ሜዳ ላይ ነው። ኒኬል ሲያስፈልግ ሎስት ሪቨር ወደሚባለው የከርሰ ምድር ወንዝ መውረድ ይመጣል፤ ካያናይት ሲያስፈልግ ደግሞ እሳተ ገሞራው ድረስ። ቤቱ ባለበት ሲቆይ ሥራው እየራቀው ይሄዳል።

እንጦጦም ደኅና ቦታ ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ከፍ ያለ፣ መጪው ጠላት ከሩቅ የሚታይበት ተራራ ነው። ለጦር ሰፈር ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ለኑሮ ግን ብርዱና ነፋሱ የሚቻል አልነበረም፤ ውሃውም ማገዶውም ከታች እየተጫነ ነው የሚወጣው። እቴጌ ጣይቱ ከፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው በ1879 ዓ.ም. ስፍራውን አዲስ አበባ ሲሉት፣ መኳንንቱም ሕዝቡም ተከትሎ ወረደ። ኋላም ማገዶ አልቆ ከተማዋ ወደ አዲስ ዓለም ልትነቀል ስትል ያስቀራት ባሕር ዛፍ ነው፤ ማገዶው ደጃፏ ላይ ሲበቅልላት ረጋች። ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ሰው ወደሚኖርበት ቦታ የሳበው ፍል ውሃ ነው፤ ከማይኖርበት ያስነሣው ደግሞ የሸክም መንገድ ነው። የጨዋታው አዘጋጆች የእንጦጦን ታሪክ አያውቁት ይሆናል፤ ያም ሆኖ ጥልቁ ባሕር ውስጥ መብራት ለሚፈልግ ሰው ያስቀመጡለት ሁነኛ መፍትሔ ከፍል ውሃ ቀዳዳ አጠገብ የሚተከል ማመንጫ ነው።

ጥልቀት ዋጋው ብዙ ነው። ሶላር ፓነል በወረደ ቁጥር ጉልበቱ እየቀነሰ፣ 200 ሜትር ገደማ ሲደርስ የማይረባ ይሆናል። ግድግዳውም እንዲሁ። ቤቱ ሲጀመር 10 የጥንካሬ ነጥብ ይሰጠዋል፤ አንድ መስኮት 1 ነጥብ ይወስዳል፤ የብረት ማጠናከሪያ 7 ይጨምራል። ወደ ታች ሲኬድ ያው መስኮት የሚወስደው እየበዛ ይሄዳል። ሒሳቡ ከዜሮ በታች ከወረደ ግድግዳው ይሰነጠቅና ውሃ ይገባል። ይህን ያልቆጠረ ሰው ምን እንደሚገጥመው ጨዋታው ራሱ በታሪክ አስቀምጦታል። ከኦሮራ ዓመታት ቀድማ የወደቀች ዴጋሲ የምትባል መርከብ ነበረች። ፖል ቶርጋል፣ ልጁ ባርትና ማርጋሪት ማይዳ ከእሷ ተርፈው መጀመሪያ በተንሳፋፊው ደሴት ላይ ሰፈሩ፤ ቀጥሎ 250 ሜትር ጥልቀት ላይ ባለ ዋሻ፣ በመጨረሻም 500 ሜትር ላይ። ተጫዋቹ ሦስቱንም ፍርስራሽ በተራ ያገኛቸዋል። ሦስተኛው ቤት በሪፐር ፈረሰ፤ የባርት የመጨረሻ ድምፅ የተቀዳው ግን እዚያ አይደለም። ታሞ፣ ብቻውን ሆኖ፣ ወደ መጀመሪያው ደሴት ተመልሷል። ሲሰፍሩ ወደፊት ያለውን አዩ፤ ወደ ኋላ የሚወስደው መንገድ ስንት ትንፋሽ እንደሆነ ግን የቆጠረ አልነበረም። ይህን ልጅ ሳስብ ሁልጊዜ አዝናለሁ።

ታዲያ የት? መልሴ ጠርዝ ላይ ነው፤ የሐረጉ ደን አልቆ ቀዩ ሣር ከሚጀምርበት ቁልቁለት። የዚህ ማስረጃው የስካነር ክፍሉ ነው። ስካነሩ በዙሪያው 300 ሜትር ያያል፤ ሲሻሻል 500። በጥልቀት አልባው ውሃ መሐል ላይ ቢተከል ክቡ ውስጥ የሚገባው አብዛኛው አንድ ዓይነት መሬት ነው። ጠርዝ ላይ ሲተከል ግን ጎማና ክር የሚሠራበት ሐረግ በአንድ ወገን፣ ብርና እርሳስ ያለው ድንጋይና የመርከቧ ስብርባሪ በሌላው ወገን ይገባል። ቦታው በደንብ ከተመረጠ ማግኔታይት የሚገኝበት ሐምራዊ ዋሻም ከሥር ይመጣል። ፀሐይ ገና አልራቀም። ቤት በድንበር ላይ ሲሆን ሁለት አገር ይቀልበዋል፤ ገበያ ቆላና ደጋ በሚገናኙበት የሚቆመው ለዚሁ ነው።

ውበትን የሚያነሣ ሰው ግን እውነት አለው። ሎስት ሪቨር ውስጥ፣ 900 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ ሰማያዊ ብርሃን የሚረጭ ግዙፍ ዛፍ አለ፤ እሱን እያዩ መኖር የማይመኝ ተጫዋች ጥቂት ነው። እኔም ይህን ምኞት አልነቅፍም። መልሱን ያገኘሁት ከእውነተኛው ባሕር ነው፤ ያውም ከቀይ ባሕር። ዣክ ኢቭ ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1963 ከሱዳን ጠረፍ ራቅ ብሎ በሚገኘው ሻአብ ሩሚ የውሃ ውስጥ መንደር ሠርቶ ነበር። ትልቁን ቤት፣ የኮከብ ዓሣ ቅርጽ ያለውን፣ ያስቀመጠው 10 ሜትር ላይ ብቻ ነው፤ አምስት ሰዎች ለ30 ቀን ኖሩበት። በቀቀን እንኳ አብሯቸው ነበር። አጠገቡ አነስተኛዋን የባሕር ውስጥ መርከብ የሚያስገቡበት ጉልላት ነበር፤ አየሩ ከላይ ከቆመች መርከብ በቱቦ ይወርዳል። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ 27 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጠባብ ጎጆ ነበረች፤ ሁለት ሰዎች ሙቀትና እርጥበቱን ታግሠው አንድ ሳምንት ከረሙባት። ኩስቶ መላውን መንደር ወደ ጥልቁ አላወረደም። ኑሮውን ከላይ ተከለ፤ ጥልቁን በትንሽ ጎጆ ጎበኘ። ከዛፉ ሥር አንድ ክፍልና አንድ መስኮት፣ ከፍል ውሃው ማመንጫ ጋር፣ ለዚያ ውበት ይበቃል። ሣጥኖቹ ግን ላይ ይቅሩ።

ሁለት ነገር ብቻ ይቀራል። አንደኛው፣ ቤቱ ሲፈርስ ብረቱና መስታወቱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፣ ታዲያ ይህን ያህል ማሰብ ለምን የሚለው ነው። ቁሳቁሱስ ይመለሳል፤ ግን ዕቃ ያለበት ሣጥን አይፈርስም፣ አንድ በአንድ መራገፍ አለበት። ዓይን የለመደው የቋጥኝና የሐረግ ምልክትም ከቤቱ ጋር አይነቀልም። ሁለተኛው ሳይክሎፕስ ነው፤ ቤት የሚያህል የባሕር ውስጥ መርከብ ካለ ለምን ይሰፈራል? ሳይክሎፕስ ግን በባትሪ ይኖራል፣ ድምፁ ሌዋታን ይጠራል፣ ጠባብ በር አይገባም። ድንቅ የጉዞ ድንኳን ነው፤ የሚመለስበት ደጅ ግን ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ይህን ጨዋታ የምትጀምሩ ሁሉ፣ የመጀመሪያውን ክፍል ከመትከላችሁ በፊት በአንዲት ሲሊንደር ብቻ ከመረጣችሁት ቦታ ተነሡ። ብር ያለበት ድንጋይ ድረስ ዋኙ፣ ስበሩት፣ ተመለሱ። ስትደርሱ አየር ከተረፋችሁ እዚያው ገንቡ።